ከጋዝ የተወለደ ውኃ

ኃይል የሚሰጥ ነገር ሁሉ ሥራውን ሲፈጽም የሚጥለው ትራፊ አለው። ምድጃ አመድ ይተዋል፤ ኩራዝ ጥቀርሻ ያወጣል፤ የመኪና ሞተርም ጢሱን ወደ ኋላው ይተፋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ትራፊው ንጹሕ ውኃ የሆነ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን የተባሉትን ሁለት ጋዞች ያለ እሳት አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው፥ በሊቃውንቱ አጠራር የነዳጅ ሴል የሚባለው ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መሣሪያውን የሚያመሰግነው ስለ ትራፊው ንጽሕና ነው። እኔ ግን ታሪኩን እየተከታተልሁ ባነበብሁ ጊዜ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው ከተፈለሰፈ ጀምሮ መቶ ሰባ ዓመት ለሚያህል ዘመን ሊቃውንቱን ካስቸገሯቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ንጹሕ ውኃ ነበር። ሲበዛ መሣሪያውን ያሰጥመዋል፤ ሲያንስ ያደርቀዋል፤ ያለ ቦታው ሲገኝም የጋዙን በር ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ የማነሣውም ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ የሳይንስ አስተማሪያችን ጥቂት አሲድ የተጨመረበትን ውኃ በመስተዋት ዕቃ አድርገው፥ ከባትሪ የመጡ ሁለት ሽቦዎችን ነክረው፥ ውኃው ወደ ሁለት ጋዞች ሲለያይ አሳይተውን ነበር። በአንደኛው ቱቦ የተሰበሰበው ጋዝ የሁለተኛው ዕጥፍ ሆነ። ክብሪት ሲያስጠጉበትም ጧ ብሎ ሲፈነዳ በኋለኛው ወንበር የነበርነው ሁሉ ደስ አለን። ያን ጊዜ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «ባትሪውን ብናነሣውና ጋዞቹ ተመልሰው ውኃ ቢሆኑ፥ የሰጠናቸውን ኤሌክትሪክ ይመልሱልናልን?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪያችንም ፈገግ ብለው፥ «ይመልሳሉ፤ ግን ጥቂት ነው» አሉት። ለምን ጥቂት እንደ ሆነ ሳይነግሩን ደወል ተደወለ።

የጓደኛችንን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት የጠየቀው ዊልያም ግሮቭ የተባለ የዌልስ ሰው ነው። ግሮቭ በ1811 ዓ.ም. በስዋንሲ ከተማ ተወለደ፤ ሙያው ጥብቅና ነበር፤ በስተርጅናውም ዳኛ ሆኖ ተሹሟል። በወጣትነቱ ጤናው ስላልተመቸው ከጥብቅናው ፈቀቅ ብሎ በነበረበት ዘመን ለኤሌክትሪክ ጥናት ራሱን ሰጠ። በ1839 ዓ.ም. ሁለት የፕላቲነም ጥፍጥፎችን አንዱን በሃይድሮጅን፥ ሌላውን በኦክሲጅን አጠገብ አድርጎ ታችኛ ጫፋቸውን በቀጠነ የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢያቆማቸው፥ በሚያገናኛቸው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሼንባይን ተመሳሳይ ነገር ስለ ጻፈ፥ ቅድሚያው የማን ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ይህ ክርክር ለእኔ ብዙ ጥቅም ያለው አይመስለኝም።

በ1842 ዓ.ም. ግሮቭ እንዲህ ያሉትን ሴሎች ኀምሳ አድርጎ ቀጣጠላቸውና የጋዝ ባትሪ አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ ብቻ ውኃን ወደ ጋዞቹ ለመለያየት እንደሚበቁም አገኘ። በአንድ በኩል ውኃ እየተወለደ፥ በዚያው ኃይል በሌላ በኩል ውኃ ይፈርስ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ለዓይን የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ የሚገኘው ኃይል ግን እጅግ ትንሽ ነበር፤ አስተማሪያችን «ጥቂት ነው» ያሉት ይህን ነው።

የጥቂትነቱን ምክንያት ግሮቭ ራሱ ተረድቶታል። ኤሌክትሪኩ የሚወለደው ጋዙ፥ አሲዱና ፕላቲነሙ ሦስቱ በአንድነት በሚነካኩበት ሥፍራ ነው። አሲዱ ያልደረሰበት ፕላቲነም ሥራ ፈት ነው፤ በአሲድ ውስጥ የሰጠመውም ጋዝ ስለማያገኘው እንዲሁ ሥራ ፈት ነው። በግሮቭ ቱቦ ውስጥ ሦስቱ የሚገናኙት አሲዱ በጥፍጥፉ ላይ ባለቀበት ጠርዝ ነበር፤ ይህም እንደ ሐይቅ ዳርቻ ቀጭን መሥመር ነው። የሐይቁ መካከል ሁሉ ውኃ፥ ምድሩም ሁሉ ደረቅ ነው፤ ዓሣ አጥማጁና ገበያተኛው የሚገናኙት በዳር ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ኃይሉን ለማብዛት የሚፈልግ ሰው ይህን ዳርቻ ማስረዘም ነበረበት። ዳርቻውን ሲያስረዝም ደግሞ በብዛት የሚወለደው ውኃ ዳርቻውን መልሶ እንዳያጥለቀልቅበት መጠንቀቅ ግድ ይሆንበታል። ከግሮቭ በኋላ የመጡት ሁሉ የደከሙት በነዚህ በሁለቱ ነገሮች ነው።

የነዳጅ ሴል ከግሮቭ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ያለ ሥራ የቆየበትን ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች ሲያስረዱ፥ ዲናሞ ስለ ተፈለሰፈ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ከ1860ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ በእንፋሎት የሚዞረው ዲናሞ ርካሽ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ፥ ውድ ፕላቲነም የሚበላውን የመስተዋት ቱቦ ማን ይፈልገዋል? ነገር ግን ምክንያቱ ግማሽ ምክንያት ነው። መሣሪያውን ለሥራ ለማብቃት የሚጥሩ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩና፥ እነርሱን ያሸነፋቸው ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ሉድቪግ ሞንድ ነው። ሞንድ የተወለደው የግሮቭ ጽሑፍ በታተመበት በ1839 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካሴል ከተማ ሲሆን፥ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በሶዳ ፋብሪካ የበለጸገ ሰው ነበር። በ1889 ዓ.ም. ከረዳቱ ከካርል ላንገር ጋር አዲስ የጋዝ ባትሪ ሠርተው አቀረቡ። እነርሱ ያስተዋሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ጥቁር የፕላቲነም ዱቄት ጋዝን ወደ ራሱ የመሳብ ኃይል አለው፤ ነገር ግን በራሰ ጊዜ ይህ ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ አሲዱን በዕቃ ውስጥ እንደ ልቡ እንዲላወስ መተዉን ትተው፥ እንደ ሸክላና እንደ ጄሶ ያለ ፈሳሽ የሚመጥ ሰሌዳ በአሲድ አራሱ። በሰሌዳው በሁለቱም ፊት ላይ ቀዳዳ የበዛበት እጅግ ስስ የፕላቲነም ቅጠል አለበሱና ጥቁሩን ዱቄት ቀቡበት። አሲዱ ከሰሌዳው ውስጥ ሳይወጣ ዱቄቱን ከሥሩ ይነካዋል፤ ጋዙም ከውጭ በኩል ደረቁን ፊት ያገኛል። ዳርቻው በአንድ መሥመር መሆኑ ቀርቶ በሰሌዳው ፊት ሁሉ ላይ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ችግር መጣ። መሣሪያው መሥራት በጀመረ ጊዜ ኃይሉ በየሰዓቱ እየቀነሰ አስቸገራቸው፤ በሰሌዳው ውስጥ አሲዱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተጓዘ በአንዱ በኩል ይወፍራል፥ በሌላው በኩል ይቀጥናልና። መድኃኒቱ በየሰዓቱ የጋዞቹን ቦታ መለዋወጥ ሆነ፤ ሃይድሮጅን ይገባበት በነበረው በኩል አየር፥ አየር ይገባበት በነበረው በኩል ሃይድሮጅን ያስገቡ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የታመመ ሕፃኗን ሌሊቱን ሙሉ ጎኑን እያገላበጠች የምታድር እናት ትዝ አለችኝ። በተጨማሪም ለሥራው ከሚያስፈልገው የበለጠ አየር ያሳልፉበት ነበር። የተረፈው አየር ሙቀቱንና የተወለደውን ውኃ ይዞ ይወጣል፤ ሰሌዳውም ሳይደርቅና ሳያንጠባጥብ በልክ እንደ ራሰ ይቆያል።

ዛሬ በመሐንዲሶች ዘንድ የውኃ አስተዳደር የሚባለው ትምህርት በዚህ ተጀመረ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። አስተዳደር የሚለው ቃል ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የዕለት እንጀራችን ነው፤ የገባ ጉዳይ ካልወጣ በሩ እንደሚዘጋም ከማንም በላይ እናውቃለን። ውኃም አስተዳዳሪ እንደሚያስፈልገው የተረዳሁት ግን ከዚህ ታሪክ ነው። የሞንድና የላንገር መሣሪያ በፕላቲነሙ ዋጋና በዚህ ሁሉ ጥበቃው ምክንያት ለንግድ ሳይበቃ ቀረ። በ1894 ዓ.ም. ቪልሄልም ኦስትቫልድ የተባለው የታወቀ የጀርመን ኬሚስት፥ የእንፋሎት ሞተር የከሰልን ኃይል በከንቱ እንደሚያባክን ገልጾ፥ የሚመጣው ዘመን ኤሌክትሪክ ከነዳጅ በቀጥታ የሚገኝበት ዘመን እንደሚሆን ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ተስፋው ከፍ ያለ ነበር፤ ሰሌዳውን በልኩ የሚያርስ ሰው ግን ገና አልተገኘም።

እርሱም የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ፍራንሲስ ቶማስ ቤከን በ1904 ዓ.ም. የተወለደ፥ በኬምብሪጅ ምሕንድስና የተማረ፥ በኒውካስል ከተማ የእንፋሎት ተርባይን በሚሠራ ድርጅት የተቀጠረ ሰው ነበር። በ1932 ዓ.ም. ስለ ሃይድሮጅን የተጻፈ ነገር አንብቦ የግሮቭን ዐሳብ በልቡ ያዘ። ኬሚስት አልነበረም፤ እኔ እንደማስበው ይህ ጠቅሞታል። ኬሚስቱ የሚያየው ሁለቱ ጋዞች እንዴት እንደሚዋሐዱ ነው፤ መሐንዲሱ ግን ቧንቧውን፥ ግፊቱን፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጥራል።

ቤከን በመጀመሪያ ፕላቲነምንና አሲድን ተወ። በአሲዱ ፈንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን፥ በጠባዩ ለአሲድ ተቃራኒ የሆነውን ነገር በውኃ በጥብጦ ያዘ፤ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ርካሹ ኒኬል ሳይበላ መሥራት ይችላልና። የኒኬሉ ትጋት እንዲጨምር ሙቀቱን ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ አደረገ። በዚህ ሙቀት ፈሳሹ ፈልቶ እንዳያልቅ ደግሞ በብዙ አትሞስፌር ግፊት አፍኖ ያዘው። ይህ ሁሉ አደገኛና አድካሚ ነበር፤ የታሪኩ እንብርት ግን በኒኬሉ ጥፍጥፍ ላይ ነው።

አንባቢ የእንጀራን ዓይን ያስብ። የቤከን ጥፍጥፍ ከኒኬል ዱቄት ተጋግሮ የተሠራ ስለ ሆነ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነበር። ጠባብ ዓይን ፈሳሽን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰፊ ዓይን ግን አላልቶ ይይዛል፤ የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚስበውም በዚሁ ጠባይ ነው። ቤከን ጥፍጥፉን ሁለት ድርብ አደረገው። በጋዙ በኩል ያለው ድርብ ዓይኑ ሰፊ፥ 30 ማይክሮን ያህል ሆነ፤ በፈሳሹ በኩል ያለው ደግሞ ጠባብ፥ 16 ማይክሮን ያህል ሆነ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያም የጋዙን ግፊት ከፈሳሹ ግፊት በጥቂቱ አስበለጠው። ይህች ትንሽ ብልጫ ፈሳሹን ከሰፊው ዓይን ለማስወጣት ትበቃለች፤ ከጠባቡ ለማስወጣት ግን አትበቃም። ስለዚህ ፈሳሹ ወደ ጋዙ ቤት አይሻገርም፤ ጋዙም ወደ ፈሳሹ እየተንቦቀቦቀ አይባክንም፤ ሁለቱ በድርቦቹ ወሰን ላይ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይቆማሉ። በግሮቭ ቱቦ አንድ ቀጭን መሥመር የነበረው ዳርቻ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ተበተነ። የሚያስፈልገው ነገር የግፊቱን ብልጫ ሳያቋርጡ መጠበቅ ነበር፤ ጥቂት ቢበዛ ጋዙ ድንበር ያፈርሳል፤ ጥቂት ቢያንስ ፈሳሹ ያጥለቀልቃል።

የሚወለደውንስ ውኃ ምን አደረገው? በዚህ ዐይነቱ ሴል ውኃው የሚወለደው በሃይድሮጅኑ በኩል ነው። ከሙቀቱ የተነሣ አንዳንዱ ውኃ በእንፋሎት መልክ ወደ ሃይድሮጅኑ ይቀላቀላል። ቤከን ሃይድሮጅኑን ሳያቋርጥ እያዞረ ከሴሉ ውጭ በሚቀዘቅዝ ሥፍራ አሳለፈው። እንፋሎቱ በዚያ ውኃ ሆኖ ሲጠራቀም ሃይድሮጅኑ ደርቆ ይመለሳል፤ ተመልሶም ሌላ እንፋሎት ተሸክሞ ይወጣል። ነዳጁ ራሱ ጠራጊ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሥራ ቤከን በአንድ ወንበር ተቀምጦ አልጨረሰውም። በ1940 ዓ.ም. ከተቀጠረበት ድርጅት ወጣ፤ የጦርነቱን ዘመን በለንደንና በባሕር ኃይል ምርምር አሳለፈ፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በኬምብሪጅ ሥራውን ቀጠለ። በነሐሴ ወር 1959 ዓ.ም. 40 ሴሎች ተደርድረው 5 ኪሎዋት የሚሰጡበትን መሣሪያ ለሕዝብ አሳየ። መሣሪያው ዕቃ የሚያነሣ መኪና አንቀሳቀሰ፤ ክብ መጋዝ አዞረ፤ ብረትም በየደው። ዐሳቡን ከያዘ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። የግሮቭ ስም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ የቤከንን ስም ግን እኔ በትምህርት ቤት ሳለሁ ሰምቼው አላውቅም። ለማፍረድ የሚያበቃ ሥልጣን ባይኖረኝም፥ ብልጭታውን ካሳየው ይልቅ ፈሳሹንና ጋዙን ድንበር ላይ ላቆማቸው ሰው የሚበልጠውን ምስጋና እሰጣለሁ።

የቤከን ሥራ ዋና ገዢ ያገኘው በአሜሪካ ነው፤ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ የሚዘጋጁት የአሜሪካ መሐንዲሶች ብዙ ቀን የሚያገለግል ቀላል የኤሌክትሪክ ምንጭ ይፈልጉ ነበርና። ከቤከን መሣሪያ በፊት ግን ወደ ሕዋ የሄደው ሌላ ዐይነት ሴል ነው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ድርጅት ዊላርድ ቶማስ ግራብ በ1955 ዓ.ም. በፈሳሹ ፈንታ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አቀረበ፤ በ1958 ዓ.ም. ሌናርድ ኒድራክ በሽፋኑ ላይ ፕላቲነም የሚለበጥበትን ዘዴ ጨመረበት። ይህ ሽፋን በጄሚናይ መንኮራኵሮች ላይ ሲውል፥ የሚወለደውን ውኃ ከሴሉ የሚያስወጣው ልክ እንደ ኩራዝ ክር ያለ ክር ነበር። ክሩ ውኃውን ከሽፋኑ ፊት መጦ ዓይኑ እጅግ ወደ ጠበበ የሸክላ ሰሌዳ ያደርሰዋል፤ ሰሌዳውም ውኃውን አሳልፎ ጋዙን ያስቀራል። በነሐሴ ወር 1965 ዓ.ም. በጄሚናይ 5 የሄዱት ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ የነዳጅ ሴልን በሕዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት ናቸው። ጉዟቸው በተጀመረ በጥቂት ሰዓት የኦክሲጅኑ ማሞቂያ ተበላሽቶ ግፊቱ እጅግ ስለ ወደቀ ብዙ መሣሪያዎችን አጥፍተው ቆዩ። በኋላም ሴሎቹ ከታሰበው የበለጠ ውኃ ስለ ሰጡ ማጠራቀሚያው እንዳይሞላ ሥጋት ተነሣ። ሁሉም ታልፎ ስምንቱን ቀን ፈጸሙ። ከዚያ ሽፋን የወጣው ውኃ ግን ለመጠጥ የሚሆን አልነበረም።

በአፖሎ መንኮራኵሮች ላይ የተተከለው የቤከን ዘር የሆነው ሴል ነበር። በያንዳንዱ መንኮራኵር 31 ሴሎች የተደረደሩባቸው ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። በአየር ሙቀት ሲቀመጥ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር እጅግ የወፈረ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለ ተጠቀሙ፥ ቤከንን ያስቸገረው ከባድ ግፊት ቀለለላቸው። በፈንታው አዲስ ችግር መጣ። በሕዋ ላይ ክብደት የለምና ውኃ ወደ ታች አይንጠባጠብም፤ አረፋም ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ከሃይድሮጅኑ ጋር የሚዞረውን ውኃ ለመለየት የሚሽከረከር ዕቃ አደረጉ፤ እርጎ የሚናጥበትን ቅል ሳይሆን ማርን ከሰፈፉ የሚለየውን ተሽከርካሪ ማሽን የሚመስል ነው፤ በሽክርክሪቱ ውኃው ወደ ዳር ይወረወራል፥ ጋዙ በመካከል ይቀራል። መለየቱ ግን ፍጹም አልነበረም። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ ካረፉት ጋር የሄደው ውኃ የሃይድሮጅን አረፋ ስለ ነበረበት ሆዳቸውን እየነፋ አስቸግሯቸዋል። በታላቁ ጉዞ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ሊያስቅ ይችል ይሆናል።

የሚያስቅ ነገር የሌለበት በሚያዝያ ወር 1970 ዓ.ም. የሆነው ነው። አፖሎ 13 ከምድር በተነሣ በ56ኛው ሰዓት ገደማ ከኦክሲጅን ማጠራቀሚያዎቹ አንዱ ፈነዳ፤ የሌላውም ኦክሲጅን እየተነነ አለቀ። ኦክሲጅን ያጡት ሦስቱ የነዳጅ ሴሎች እየተከተሉ ሞቱ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኤሌክትሪኩንና የመተንፈሻውን አየር ጭንቅ ነው። ሆኖም ሴሎቹ ሲሞቱ ውኃውም አብሮ ሞቶ ነበር፤ ጄምስ ላቨል፥ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ የሚጠጡትን የሚሰጣቸው ያው መሣሪያ ነበርና። በተሸሸጉባት የጨረቃ ማረፊያ ጀልባ ውስጥ የነበረው ጥቂት ውኃ ደግሞ መሣሪያዎቹን ለማቀዝቀዝም የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዳቸው በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ እየጠጡ ቆዩ። ላቨል ስድስት ኪሎ ያህል ከሳ፤ ሄይዝም በኩላሊት ሕመም ተይዞ በሚያዝያ 17 ቀን ከባሕር ወጣ። ትራፊ የተባለው ውኃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በዚያ ሳምንት ታወቀ።

ከ11 ዓመት በኋላ በኅዳር ወር 1981 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሕዋ የወጣው የኮሎምቢያ መንኮራኵር ከሦስት ሴሎቹ አንዱ ተበላሸበት፤ ውኃውን ከጋዙ በሚለየው ክፍል ውስጥ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ በመደፈኗ ውኃው መውጫ አጥቶ ሴሉን አጥለቀለቀው። አምስት ቀን እንዲቆዩ ታስቦ የነበሩት ጆ ኤንግልና ሪቻርድ ትሩሊ ሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓት ቆይተው ተመለሱ።

ጄሚናይ ላይ የነበረው ሽፋን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቆየ። ተመልሶ የመጣው በሌላ ዕቃ ነው፤ የዱፖንት ድርጅት በ1960ዎቹ ዓመታት ናፊዮን የተባለ፥ ዕድሜው እጅግ የሚረዝም ሽፋን ሠርቶ ነበር። ናፊዮን ሃይድሮጅንን የሚያሳልፍበት መንገድ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከኤሌክትሮኑ የተለየው የሃይድሮጅን ቅንጣት፥ ማለት ፕሮቶን፥ ሽፋኑን ብቻውን አይሻገርም፤ ሚዜ ሳያስከትል እንደማይሄድ ሙሽራ የውኃ ቅንጣቶችን አስከትሎ ነው የሚሄደው። ሽፋኑ ደረቅ ከሆነ ሚዜ ስለሌለ ሙሽራውም አይንቀሳቀስም፤ ኤሌክትሪኩ ይቆማል። ሽፋኑ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሚዜዎቹ ሁሉ በሃይድሮጅኑ በኩል ያለውን ቤት ባዶ አድርገው ወደ ኦክሲጅኑ ቤት ይጎርፋሉ። በዚያም ቤት አዲስ ውኃ ይወለዳልና እንግዳና ባለቤት ተጨናንቆ አየር መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ከአንድ ወረቀት ብዙም በማይወፍር ሽፋን ላይ በአንዱ ፊት ድርቀት፥ በሌላው ፊት ጎርፍ በአንድ ጊዜ ይሆናል። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1991 ዓ.ም. ይህን የውኃ መሄድና መመለስ በቍጥር ቀምረው ካወጡ ወዲህ፥ ሽፋኑን ማቅጠን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ደረቁን ፊት እንዲያርስ እንደሚረዳ በግልጽ ታየ።

ጎርፉን ለማስወጣት ሁለት ዘዴዎች ተያያዙ። አንደኛው፥ ከሽፋኑ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ዓይናማ የካርቦን ወረቀት በቴፍሎን መቀባት ነው። በጎደሬ ቅጠል ላይ የወደቀ ዝናብ ቅጠሉን ሳያርስ እየተንከባለለ እንደሚወርድ፥ ውኃው በወረቀቱ ዓይን ውስጥ ሳይጣበቅ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ሁለተኛው ጋዙ የሚያልፍበት ቦይ ነው። ቦዮቹ ጎን ለጎን የተቀደዱ ብዙዎች ከሆኑ፥ በአንዱ ላይ የውኃ ጠብታ ሲቆም ጋዙ በሌሎቹ ያልፋል፤ የተዘጋው ቦይ ተዘግቶ ይቀራል፥ በሥሩ ያለው ሽፋንም ይራባል። መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። በቫንኩቨር ከተማ አካባቢ የሚገኘው ባላርድ የተባለው የካናዳ ድርጅት፥ በ1983 ዓ.ም. ይህን ሥራ ከጀመረ በኋላ የታወቀበት አንዱ ነገር እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ነው። ጋዙ ሌላ መንገድ ስለሌለው ጠብታውን እየገፋ ለማውጣት ይገደዳል። ዋጋውም አለ፤ ረጅም ቦይ ጋዙን ለመግፋት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ይህም ኃይል ከሴሉ ራሱ ከሚወጣው ላይ የሚቀነስ ነው። ድርጅቱ በ1993 ዓ.ም. በዚህ ዐይነት ሴል የሚሄድ አውቶቡስ አሳይቷል።

በብርድ አገር ደግሞ በመሣሪያው ዓይን ውስጥ የቀረች ጠብታ ሌሊት በረዶ ሆና ጠዋት የጋዙን መንገድ ትዘጋለች። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ በቦዮቹ ውስጥ አየር ነፍቶ መጥረግ ልማድ ሆነ። የጃፓኑ ቶዮታ ድርጅት በአንድ ቀላል ለውጥ የሚታወቅ መኪና በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ፤ ስሙም ሚራይ ነው። በ370 ሴሎቹ በአየሩ በኩል፥ በተቀደደ ቦይ ፈንታ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ስስ መረብ አለ፤ መረቡ ውኃውን ከሽፋኑ ፊት ቶሎ ያነሣዋል፥ አየሩንም ወደ ሽፋኑ ይመልሰዋል። ከዚህ ቀደም ሽፋኑ እንዳይደርቅ ከውጭ እርጥበት የሚጨምር ዕቃ ይታከል ነበር፤ በዚህ መኪና ግን ያ ዕቃ ቀርቶ፥ ሴሉ የወለደው ውኃ ራሱ በውስጥ ተዘዋውሮ ደረቁን ፊት ያርሳል።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከስምንት ኪሎ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ዘጠኝ ኪሎ ውኃ ይሆናል። መኪናው 5 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ስለሚይዝ፥ አንዱን ሙሌት ሲጨርስ 45 ኪሎ ያህል ውኃ ወልዷል ማለት ነው፤ ከዚህም ብዙው በእንፋሎት መልክ በመንገድ ላይ ይወጣል። የቀረውን ለማስወጣት በመሪው አጠገብ «ኤች ቱ ኦ» የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድ ቁልፍ ተደርጓል። አሽከርካሪው ወደ ጋራዡ ከመግባቱ በፊት ይህን ቁልፍ ሲጫነው፥ ውኃው ከመኪናው ሥር ተንፎልፍሎ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል።